የ32 ደብተር ዝናብ፦ ከደሴ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በደሴና በኮምቦልቻ ለምትገኙ፣ የዝናብ፣ የውሃና የግብርና መረጃ ለምትሰበስቡና ለምትይዙ መሥሪያ ቤቶች፤
በወሎ ዩኒቨርሲቲ ለምትገኙ መምህራንና ተመራማሪዎች፤
ለደሴ ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ፤
ባላችሁበት።

ጉዳዩ፦ የሟች ባለቤቴን የዝናብ መዝገብ ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ባለቤቴ ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር ዐርፎ ቀብሩ በተፈጸመበት ዕለት እንደ ባህላችን የሕይወት ታሪኩ ተነቧል። ጽሑፉን ያዘጋጁት የሰፈራችን ቅሬ (ዕድር) ጸሐፊ ሲሆኑ፣ በአንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ፣ የት እንደተወለደ፣ በስንት ዓመቱ ደሴ እንደገባ፣ ስንት ዓመት በልብስ ሰፊነት እንደሠራ፣ በ1981 ዓ.ም. ከእኔ ጋር ጋብቻ መሥርቶ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ እንዳፈራ፣ የልጅ ልጅም እንዳየ፣ ቅሬውን በገንዘብ ያዥነት በታማኝነት እንዳገለገለ አንድ በአንድ ዘርዝረዋል። የተነበበው ሁሉ እውነት ነበር፤ ይሁንና ባለቤቴ ከ1986 ዓ.ም. ሰኔ ወር ጀምሮ በግቢያችን የወረደውን ዝናብ በየቀኑ እየለካ 32 ደብተር መሙላቱን የሚናገር አንድም ዐረፍተ ነገር አልነበረበትም። ጥፋቱ የጸሐፊው አይደለም። ያን ሌሊት መጥተው ሲጠይቁኝ፣ ሐዘን እንደያዘው ሰው አፌ ላይ የመጣልኝን ብቻ ነገርኳቸው፤ ዝናቡ ደግሞ እንደ ምግብና እንደ እንቅልፍ የቤታችን የዘወትር ነገር ስለነበረ ለብቻው የሚነገር ታሪክ ሆኖ አልታየኝም።

የታወሰኝ ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አረጋዊ ሼህ ዱዓቸውን አድርገው ከጨረሱ በኋላ ወደ ልጆቼ ዞረው «ዛሬ ጠዋት ማን ለካው?» ሲሉ ጠየቁ። ለቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ ዝም አለ። ታናሿ ልጄ ከተቀመጠችበት ጥግ ሆና «እኔ ለክቻለሁ፤ 4.2 ነው» ብላ መለሰች። ሼሁም ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «የኛን ጋሽ ሚሊ ሜትር አላህ ይማራቸው» አሉ። ሰፈሩ የሚጠራው በዚህ ስም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሕይወት ታሪኩን የጎደለው ነገር ሲከነክነኝ ኖሮ፣ ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ወሰንኩ።

በዚህ ደብዳቤ ባለቤቴን «እርሱ» እያልኩ ብጽፍ አንባቢ እንዳይታዘበኝ። በተነበበው ታሪክ «እርሳቸው» ተብሏል፤ በሰው ፊት ተገቢ ነው። ነገር ግን 36 ዓመት አብሬው ስኖር አንድም ቀን አንቱ ብዬው ስለማላውቅ፣ አሁን ብጀምር ስለ ሌላ ሰው የምጽፍ ይመስለኛል።

የተወለደው በወረባቦ ገጠር ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታውን ረኃብ ያገኘው በልጅነቱ ሲሆን፣ የዚያን ጊዜው መንግሥት ነገሩን ለመሸፈን በሚሞክርበት ሰዓት የተራበው ሰው ከየወረዳው እየወጣ በአስፋልቱ ዳር ሲወድቅ በዓይኑ አይቷል። አባቱ በሬዎቻቸውን ካጡ በኋላ ልጃቸውን በደሴ ሰኞ ገበያ ልብስ ለሚሰፉ አጎቱ ላኩት፤ በዚያው ቁልፍ መትከል ጀምሮ ኮት እስከ መቁረጥ ደረሰ። ስለዚያ ዘመን ብዙ አያወራም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ ሲናገር ሰምቻለሁ፤ አዋቂዎቹ በሐዘን መሐል ሳይቀር «ዝናቡ ጨርሶ ቀረ» በሚሉና «የለም፣ መጥቶ ነበር፣ ጊዜውን ስቶ መጣ እንጂ» በሚሉ ተከፍለው ይከራከሩ እንደነበርና፣ ማናቸውም ትክክለኛውን የሚያውቁበት መንገድ እንዳልነበራቸው። መለካት የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው ብሎኝ ግን አያውቅም። እኔ ነኝ ሁለቱን የማገናኘው፤ ሚስት ስለሆንኩ ይፈቀድልኝ።

እርሱ የሚናገረው ምክንያት ቀላል ነበር። በስፌት ቤቱ ግድግዳ ላይ የምትሰቀል አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ነበረችው። በ1986 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ የአየር ሁኔታ ሲነገር በኮምቦልቻ ይህን ያህል ሚሊ ሜትር ዝናብ ተመዘገበ ተባለ። ለእርሱ ሚሊ ሜትር የቁልፍ ቀዳዳና የእጅጌ ጠርዝ መለኪያ እንጂ የዝናብ ጉዳይ አልነበረምና ሳቀ፤ ልክ ሊያስወስድ የመጣ አንድ መምህር ግን እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ እንደቆመ አስረዳው። አንድ ሚሊ ሜትር ዘነበ ማለት፣ መሬቱ የማይጠጣና የማያፈስ ገበታ ቢሆን ኖሮ ውሃው አንድ ሚሊ ሜትር ከፍታ ይቆምበት ነበር ማለት ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲታሰብ ደግሞ ልክ አንድ ሊትር ይሆናል። ባለቤቴ ያን ምሽት ቤት መጥቶ በሲሚንቶ ወለላችን ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በልብስ ሰፊ ጠመኔ አስምሮ አንድ ሊትር ውሃ ደፋበት። የወለወልኩት እኔ ነኝ። «ኮምቦልቻ ይህን ያህል ከጣለ ደሴስ?» ሲል አደረ።

ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም ከፍታቸው ከ600 ሜትር በላይ ይለያያል። የሐረጎን ጠመዝማዛ የወረደ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ደሴ ላይ በጉም ተሸፍኖ ካፖርቱን የደረበ መንገደኛ ኮምቦልቻ ሲደርስ እጅጌውን ይሰበስባል። ጦሳ ተራራ ላይ ተደግፎ የሚያድረው ደመና ወደ ታች አይወርድም፤ ታች የወረደውም ዝናብ ሁልጊዜ ወደ ላይ አይወጣም። እዚያው ደሴ ውስጥ እንኳ ሆጤ ዶፍ ወርዶ ቧንቧ ውሃ መንገዱ ደረቅ ሆኖ የሚገኝበት ቀን አለ። ስለዚህ የአንዱን ከተማ ቁጥር ለሌላው ማልበስ፣ በባለቤቴ አነጋገር፣ የታላቅን ሱሪ ለታናሽ እንደ ማስለበስ ነው፤ ሊበቃው ይችላል፣ ልኩ ግን አይደለም።

መለኪያውን ያሠራው በሰኞ ገበያ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ዘንድ ነው። አፉ ክብ የሆነ እምቡቶ ከሥሩ ካለ ጣሳ ጋር የተገጠመበት፣ በእንጨት ላይ የሚቆም ቀላል ዕቃ ነው። ሲረከበው እንደ ልማዱ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ አውርዶ የእምቡቶውን አፍ ዙሪያ ለካና «ወገቡ 63» አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ስሌት መምህሩ አገዘው። ዙሪያው ወደ 63 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ አፍ ስፋቱ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የአፉ ስፋት በካሬ ሲሰላ 314 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ ጣሳው ውስጥ የተጠራቀመ እያንዳንዱ 31.4 ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው። ውሃውን የሚለካው ነርስ ጎረቤታችን በሰጠችው መርፌ አልባ ትልቅ ሲሪንጅ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሲሪንጅ ቁጥሩ እስኪፋቅ ድረስ ስምንት ዓመት አገልግሏል።

መለኪያው ግቢ ከገባ በኋላ ሰላም የነሳው እኔን ነው። ከግድግዳና ከዛፍ የራቀ ክፍት ቦታ ስለሚፈልግ፣ ግቢያችን ውስጥ ደግሞ ክፍት ቦታ አንድ ብቻ፣ እርሱም የልብስ ማስጫዬ ስለነበረ፣ ገመዴን ነቅሎ ወደ ጓሮ ወሰደው። በጓሮ ፀሐይ የለም። ክረምቱን ሙሉ ልብስ ሳይደርቅ እየሸተተ አለፈና በሁለተኛው ዓመት ተደራድረን ገመዱ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ነገር ግን ከመለኪያው አራት እርምጃ ርቆ፣ አንሶላ የማይሰጣበት፣ ዝናብ ሲመጣም ሁሉም ነገር የሚነሳበት ሆኖ። ይህን የምጽፈው ለቀልድ ብቻ አይደለም፤ በ1986 እና በ1987 ዓ.ም. የተመዘገቡት ቁጥሮች ገመዱ በሌለበት የተወሰዱ መሆናቸውን የሚያይ ሰው ቢኖር እንዲያውቀው ነው።

የሚለካው ሁልጊዜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። በአገራችን የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች የዕለት ዝናብ የሚነበብበት ሰዓት ይኸው መሆኑን ከዓመታት በኋላ ሲሰማ ሽልማት እንደተሰጠው ሰው ደስ አለው፤ እርሱ ግን ሰዓቱን የመረጠው ስፌት ቤቱን ከመክፈቱ በፊት ስለሚመቸው ነበር። ባለ ካሬ ደብተሩን ይዞ ይወጣል፣ ጣሳውን ያነሳል፣ በሲሪንጅ እየሳበ ይቆጥራል፣ ይጽፋል፣ ውሃውን በጌሾዬ ሥር ይደፋዋል። ከቁጥሩ አጠገብ አንዳንድ ፊደል ይጨምራል፤ ለካፊያ «ካ»፣ ለዶፍ «ዶ»፣ ለበረዶ «በ»፣ ነፋስ እያጋደመ ለሚያመጣው ዝናብ ደግሞ «ወ»፣ ወጨፎ ለማለት። የመጨረሻዋ ፊደል ትልቅ ትርጉም ነበራት፤ ወጨፎ የሚመጣው ዝናብ ብዙውን ጊዜ በእምቡቶው አፍ ላይ ተሻግሮ ስለሚያልፍ ጣሳው ውስጥ የሚገኘው ውሃ ከወረደው ያነሰ ነው። «ወ ያለበትን ቁጥር እንደ ሙሉ አትቁጠሩት» ይላቸው ነበር ልጆቹን።

ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቅለት ደንብ ግን የዜሮና የሰረዝ ልዩነት ነበር። ዝናብ ባልዘነበበት ቀን «0» ይጽፋል፤ ባልተለካበት ቀን ሰረዝ ያደርጋል። መሬቱን አርሶ ለሲሪንጅ ግን የማይበቃ ካፊያ ከሆነ «ጥ» ብሎ ጥቂት መሆኑን ያመለክታል። ወንዱ ልጃችን በአሥር ዓመቱ ግድም፣ አባቱ ለሠርግ ወደ ሐይቅ በሄደበት ቀን መለካቱን ረስቶ ውሎ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ስለነበረ «0» ጽፎ ጠበቀው። አባቱ ሲመለስ ጎረቤት ጠይቆ እውነትም ጠብታ እንዳልወረደ አረጋገጠ። ያም ሆኖ ዜሮውን ሰርዞ በሰረዝ ተካውና «አለመዝነቡን አንተ አላየህም፤ ሰው ነው የነገረህ» አለው። ልጁ አለቀሰ። ለአሥር ዓመት ልጅ የሚባል አልነበረም፤ በዚያ ቀን ተጣልተናል።

ልጆቻችን ያደጉት በተረኛነት ነው። ደብተሮቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የገለጠ ሰው የቤታችንን ታሪክ ቁጥር ውስጥ ያገኘዋል። የትልቋ ልጃችን ጽሕፈት በ1991 ዓ.ም. ይጀምራል፤ 7ን ወደ ኋላ አዙራ ትጽፋለች፣ አባቷ በእርሳስ ከጎኑ አቅንቶታል። የወንዱ ልጅ ጽሕፈት ኮሌጅ ሲገባ ይጠፋና በየክረምቱ ይመለሳል። ትልቋ የተዳረችበት ዕለት ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ከጎኑ «4፡10፣ ዘግይቼ» የሚል አለ፤ ሙሽራው በር ላይ ቆሞ ባለቤቴ በአዲሱ ሙሉ ልብሱ ግቢው መሐል ሲሪንጅ ይዞ እንደነበር የሚያስታውስ እድምተኛ ዛሬም አይጠፋም። እናቱ ያረፉበት ቀን ደግሞ ከዝናቡ መጠን ሌላ «በልጄ እጅ» የሚል ቃል ብቻ አለ። ስለ ሐዘኑ፣ ስለ ደስታው፣ ስለ እኔ በእነዚያ ደብተሮች ውስጥ አንዲትም ቃል አልጻፈም። መጀመሪያ ላይ ይቆጨኝ ነበር።

አንድ ቀን በረዶ ጣለ። ከጦሳ በኩል የመጣ ከባድ በረዶ ነበር፤ ግቢው በአንድ አፍታ ነጭ ሆነ፣ የቆርቆሮ ጣራው ጩኸት እርስ በርስ አያሰማም። እኔ የማስበው ስለ ጎመኔ ነው። እርሱ ግን እምቡቶው በበረዶ ተደፍኖ ሲያይ፣ ሳይቀልጥ ነፋስ እንዳይወስደው አንስቶ ምጣድ ቤት ይዞብኝ ገባ። እሳት ላይ ማስቀመጥ አይቻልም፤ የተነነው ውሃ ስለሚጠፋ። ጀበናዬ ለብ ያለ ውሃ ይዛ ነበርና አንድ ስኒ ቀድቶ በሲሪንጅ ለካው፤ ስኒዋ 65 ሚሊ ሊትር ትይዛለች። ሦስት ስኒ እየቆጠረ በረዶው ላይ አፈሰሰ፤ በረዶው እንደ ስኳር ሟሸሸ። ከዚያ ሁሉንም ለክቶ የሦስቱን ስኒ ውሃ፣ 195 ሚሊ ሊትር፣ ቀነሰና የቀረውን ለ31.4 አካፈለ። ይህን ዘዴ ከማንም አልተማረውም፤ በኋላ ግን የሙያው ሰዎችም በረዶን የሚለኩበት አንዱ መንገድ ይኸው፣ የታወቀ መጠን ያለው ሙቅ ውሃ ጨምሮ መልሶ መቀነስ፣ መሆኑን ሰማ። ስኒዋ እስከ ዛሬ «የበረዶ ስኒ» ትባላለች።

ሰፈሩ መጀመሪያ ሳቀበት፤ ቆይቶ መጠየቅ ጀመረ። ከኩታበርና ከደላንታ ለገበያ የሚመጡ ገበሬ ደንበኞቹ ሱሪያቸውን እያስለኩ ስለ በልጉ ያነሱበታል። የወሎ ደጋ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው የበልግ ዝናብ የሚያርስበት ብዙ ቦታ ስላለው፣ በልግ ሲዘገይ ጭንቀቱ ከሌላው አገር ይለያል። እርሱም ደብተሩን አውጥቶ «አምናና ካቻምና እስከ ዛሬ ቀን ይህን ያህል ነበር» ይላቸዋል፤ ነገ ይዘንባል ወይ ሲሉት ግን «እኔ የወረደውን ነው የማውቀው» ብሎ ይመልሳል። በድርቅ ጊዜ ክርስቲያኑ ምህላ፣ ሙስሊሙ የዝናብ ሶላት ሲወጣ ከሁለቱም ወገን የሚጠይቁት ነበሩ፤ ኤልኒኖ ባየለበት በ2007 ዓ.ም. ክረምት የምሥራቅ አማራ ገበሬ ሲጨነቅ ስፌት ቤቱ የሸንጎ ያህል ሰው ይይዝ ነበር።

አሁን ወደሚከብደው እመጣለሁ። ጥቅምት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ፣ ያን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለክቶ «0» ከጻፈ በኋላ የዓመቱን ደብተር በጉያው ይዞ ከእኛ ጋር ወጣ። ደብረ ብርሃን በሰው ቤት ሰነበትን። ኅዳር 27 ቀን ደሴና ኮምቦልቻ በመንግሥት ኃይሎች እጅ መመለሳቸው ከተነገረ በኋላ መንገዱ እስኪከፈት ጠብቀን ታኅሣሥ 2 ቀን ቤታችን ደረስን። በሩ ተገንጥሏል። እኔ የስፌት መኪናው መወሰዱን፣ የልጆቹ አልጋ መወሰዱን፣ ድስቴ ሳይቀር መወሰዱን እያየሁ ስጮኽ እርሱ ገና ወደ ቤት አልገባም፤ ግቢው መሐል ከመለኪያው ፊት ቆሟል። ማንም አልፈለገውም፤ አሮጌ ጣሳ ነው። ውስጡ አንድ የደረቀ ቅጠልና ጥቂት ውሃ ነበረበት። ለካው። በደብተሩ ላይ ከጥቅምት 21 እስከ ታኅሣሥ 1 ድረስ 41 ሰረዞች አሰመረና የታኅሣሥ 2ን ቁጥር ጽፎ «የ42 ቀን ጥርቅም፣ የተነነው አይታወቅም» አለበት።

ከቤት የቀሩት ደብተሮች ተርፈዋል፤ ከ2003 ዓ.ም. ደብተር ብቻ አሥራ አንድ ቅጠል ለእሳት ማቀጣጠያ ተቀዶ አገኘነው። ትልቋ ልጃችን ከሬዲዮና ከሌላ ቦታ የኮምቦልቻን ቁጥር አፈላልጋ ክፍተቱን ልትሞላለት ብትፈልግ አሻፈረኝ አለ። ያለ ስፌት መኪና የቀረ ሰው፣ ከኪሳራው ሁሉ መርጦ ስለ አሥራ አንድ ቅጠል ሲከራከር ማየት አናዶኝ እንደነበር አልደብቅም። አሁን ሳስበው፣ ባዶውን ባዶ ብሎ መተው ያን ጊዜ በቤታችን ውስጥ እጁ ላይ የቀረው ሥራ እርሱ ብቻ ነበር።

ካረፈ በኋላ ልጆቼና እኔ ደብተሮቹን በማዳበሪያ ከረጢት ይዘን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። የተቀበለን ወጣት ትሑት ሰው ነበር፤ ቡና ጋበዘን፣ ደብተሮቹን ገለጠ፣ ደብተር ላይ ያረፈውን የሕፃን 7 አይቶ ፈገግ አለ። ቀጥሎም ጣቢያው ያልተመዘገበ፣ መለኪያው ደረጃውን ያልጠበቀ፣ ለኪውም ሥልጠና የሌለው በመሆኑ ሊረከበን እንደማይችል ነገረን። ያለው ሁሉ ትክክል ነው። በአገራችን አራተኛ ደረጃ የሚባሉት ጣቢያዎች ዝናብ ብቻ እንደሚለኩ፣ ሦስተኛ ደረጃዎቹ የዕለቱን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት እንደሚጨምሩ፣ ለሁሉም የተወሰነ መሣሪያና ቅጽ እንዳለ እናውቃለን፤ ባለቤቴም ያውቅ ነበርና አንድም ቀን ራሱን ከእነርሱ ጋር አልቆጠረም። የከፋኝ አለመቀበሉ ሳይሆን «ለማስታወሻ ቤታችሁ አስቀምጡት» ማለቱ ነው። ለማስታወሻ የሚሆን ፎቶግራፍ አለኝ፤ ሜትሩ በአንገቱ ላይ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀውን በግልጽ ልጻፍ። ደብተሮቹ ትክክል ናቸው ብሎ ማኅተም የሚመታልኝ አልፈልግም። የምፈልገው ስህተታቸው ስንት እንደሆነ የሚለካልኝ ሰው ነው። መለኪያው አሁንም በቦታው አለ፤ ከጎኑ ደረጃውን የጠበቀ መሣሪያ ለአንድ ወይም ለሁለት ክረምት ቢተከልና ሁለቱ ቢነጻጸሩ፣ የእኛ ጣሳ ምን ያህል እንደሚያጎድል ወይም እንደሚያበዛ ይታወቃል፤ የኋላውም ቁጥር በዚያ ልክ ሊታረም ይችላል። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የመጀመሪያው ጣሳ ዝጎ ሲቀየር ባለቤቴ አሮጌውንና አዲሱን አንድ ክረምት ሙሉ ጎን ለጎን አቁሞ በሁለት ዓምድ መዝግቧል፤ የሁለት ልብስ ልክ ሳያመሳክር መቀስ የማያነሳ ሰው ነበርና። ትልቋ ልጃችን እስካሁን አሥራ ዘጠኙን ደብተር ወደ ኮምፒውተር አስገብታለች፤ ሰረዙን ሰረዝ፣ «ወ»ውን «ወ» አድርጋ። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ብቻውን በአብዛኞቹ ዓመታት የዓመቱን ግማሽ እንደሚጠጋ አሳይታኛለች፤ ይህንን ማንም የደሴ ሰው ያለ ደብተር ያውቀዋል ብዬ ሳቅሁባት። የበልጉን ግን ማንም በቃሉ አያውቀውም፤ አንዱን ዓመት ከሌላው የሚያገናኘው ምንም ነገር የለም፣ እርሱን ለማንበብ የተማረ ሰው ያስፈልጋል። ደሴ የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋት፣ ቦርከና በመሐሏ አልፎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድባት ከተማ በመሆኗ፣ ተዳፋት ላይ ቤት የሚሠራም ሆነ ቦይ የሚቀድ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ስንት ሊወርድ እንደሚችል ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ለደሴ ነዋሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። አባታችሁ ወይም አያታችሁ ስለ ዝናብ፣ ስለ ውርጭ፣ ስለ ምንጭ መድረቅ፣ ስለ እህል ዋጋ የጻፉት ደብተር ቤታችሁ ካለ፣ እባካችሁ የሱቅ መጠቅለያ ከመሆኑ በፊት አሳዩን። የእኛ 41 ሰረዞች ያሉበትን ጊዜ ከተማ ውስጥ ቀርቶ የመዘገበ ሰው ይኖር ይሆናል ብዬ አላስብም፤ ነገር ግን የ2003ቱን አሥራ አንድ ቅጠል በሌላ ግቢ የለካ ሊኖር ይችላል። ቤታችንን ለማግኘት ሰፈር ገብቶ ጋሽ ሚሊ ሜትርን ማለት ይበቃል።

ደብተሮቹን ለሚረከበው ሰው ከመስጠቴ በፊት የምናገረው አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ይህን ልጆቼም የሚያውቁት ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ ነው።

ነሐሴ 9 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ በፍልሰታ ጾም፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አድሮ ጠዋት ላይ አባራ። 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል፤ እርሱ ቤት ውስጥ ፊቱን እየታጠበ ነው። በሳፋ ልብስ ይዤ ስወጣ በጭቃው አዳልጦኝ መለኪያውን ገፋሁትና ጣሳው ተገለበጠ። ሌሊቱን ሙሉ የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ መሬት ገባ። በዚያ ሰሞን በገመዱ ምክንያት ተኳርፈን ስለነበረ «ይኸው፣ አልኩሽ አይደለም» የሚለውን ቃል መስማት አልፈለግሁም። ከጀሪካኑ በብርጭቆ እየቀዳሁ ሁለት ተኩል ያህል ጨመርኩና ጣሳውን ወደ ቦታው መለስኩት። በ3 ሰዓት ወጣ፣ ለካ፣ ጦሳን ቀና ብሎ አየና «ሌሊት ስሰማው ከዚህ የበለጠ መስሎኝ ነበር» አለ። 18.5 ብሎ ጻፈ። ከጎኑ «ዶ» አደረገበት። ከዚያ በኋላ 23 ዓመት ገደማ አብረን ስንኖር ልነግረው አስቤ ያልነገርኩበት ጊዜ ከዚያ ቁጥር ይበልጣል።

ያ 18.5 ዝናብ አይደለም፤ የቧንቧ ውሃ ነው። በእርሱ ደንብ መሠረት ተሰርዞ በቦታው ሰረዝ መግባት አለበት። ገጹን ሳልፈልግ አገኘዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ እርሳስ ይዤ ተቀምጬ እጄ እምቢ ስላለኝ፣ ደብተሮቹን የሚረከበው ሰው በመጀመሪያ ይህን እንዲያደርግልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የልጆቹ እናት
ደሴ፣ ሚያዝያ 2018 ዓ.ም.